አሲድ የሚቋቋሙና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ የማጣሪያ ቱቦዎችን ከመግጠም በፊት እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

የሰልፈሪክ አሲድ ጭጋግ የያዘ የፋብሪካ ጭስ በእርጥብ ኤሌክትሮስታቲክ ማጣሪያ ሲጸዳ፣ በኤሌክትሪክ የተሞሉት ጠብታዎች የሚለጠፉባቸው ቱቦዎች አሲድ የማይበላቸው፣ በዚያው ልክ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ መሆን አለባቸው። በመስታወት ቃጫ የተጠናከረ የቪኒል ኤስተር ሙጫ የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ሁለተኛውን ግን የሚያገኘው በውስጠኛው ገጽ ላይ የካርቦን ቃጫ ወይም የግራፋይት ዱቄት ሲጨመርበት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የጭሱን ይዘት ያስመርምሩ፤ ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ካለበት፣ መስታወትን ስለሚበላ፣ አሲዱ የሚነካው ንብርብር የመስታወት ቃጫ እንዳይኖረው አድርገው ይዘዙ። ቱቦው ሲደርስ የኦም ሜትሩን (የኤሌክትሪክ መቋቋምን የሚለካውን መሣሪያ) አንድ ጫፍ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ከሚያወርደው የግራውንድ ማያያዣ ጋር አገናኝተው፣ ሌላውን በውስጠኛው ገጽ ላይ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች እያዘዋወሩ ይለኩ። ንባቡ በውሉ ከተጻፈው ጣሪያ ካለፈ ወይም አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከዘለለ ቱቦውን አይቀበሉ (ጥቁር መልኩ አያታልልዎ)፤ የካርቦኑ ንብርብር በተቋረጠበት ቦታ የሚነሳ ብልጭታ ግድግዳውን አቃጥሎ ሊበሳው ይችላል።

ካርቦን በእርጥበት ውስጥ ከተራ ብረት ጋር ሲነካካ ብረቱን ቶሎ ስለሚያዝገው፣ ለማያያዣ ተራ ብሎን አይጠቀሙ። ሙጫው ከፍተኛ ሙቀት ስለማይችል ጭሱ አስቀድሞ በውሃ ርጭት መቀዝቀዝ አለበት፤ ርጭቱ ሲቋረጥ የጭሱን ፍሰት የሚያቆም መሣሪያም ያስገጥሙ።