ላሚቱ ከመክሳቷ በፊት፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የግጦሽ መሬት ችግሮችና መፍትሄያቸው

በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በሆለታ አካባቢ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ችግሩን መጀመሪያ የሚያዩት ላሚቱ ላይ ነው፤ ወተቷ ይቀንሳል፣ የጎን አጥንቷ ይቆጠራል፣ ፀጉሯ ይቆማል። መነሻው ግን ብዙውን ጊዜ ከአራትና ከአምስት ወር በፊት በግጦሽ መሬቱ ላይ የተሠራ ስህተት ነው። ዝናቡ ወቅቱን ጠብቆ በሰኔ ገብቶ በመስከረም መጨረሻ በሚወጣበት ጊዜ ከብቱን በወር ቆጥሮ ሜዳ ማስገባት ብዙም አይጎዳም ነበር። አሁን በልጉ አንድ ዓመት ቀርቶ በሌላው ሲበረታ፣ ክረምቱም ዘግይቶ እስከ ጥቅምት ሲገፋ፣ መስቀል አልፏልና ሜዳው ይከፈት ማለት መሬቱን ሳያዩ መፍረድ ይሆናል።

ሜዳው በሰኮና ተቦርቡሮ ውሃ ሲቋጥር

በመስከረም ሜዳው ላይ ሲራመዱ እያንዳንዱ የሰኮና ዱካ አንድ ሲኒ ያህል ውሃ ይዞ ይታያል፤ ያው ዱካ በኅዳር እንደ ጡብ ደርቆ የሰውንም የከብትንም እግር ያጥፋል። ጉብታው ላይ ትንሽ ሳር ቢቀርም በዱካው ውስጥ አንድ ቅጠል አይገኝም። ምክንያቱ የአፈሩ ጠባይ ነው። መረሬ የምንለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ርሶ ሳለ ከብት ሲረግጠው አየርና ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ስለሚደፈን የሳሩ ሥር ታፍኖ ይሞታል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ከአራት ጣት ጥልቀት አፈር አውጥተው በመዳፍዎ ያድቦልቡሉት፤ እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ ሲታጠፍ ካልተሰነጠቀ መሬቱ ገና ለከብት አልደረሰም፣ የሚፈረፈር ከሆነ ግን ይግቡበት። እስከዚያው ከብቱን ከፍ ባለውና ውሃ በማይተኛበት ዳርቻ ማቆየት፣ የሜዳውንም ሳር አጭዶ በረት ድረስ ማቅረብ ይገባል። ውሃውን ጥልቀት በሌለው ቦይ ማስወጣትም ይረዳል፤ ከመቆፈርዎ በፊት ግን ከታች ያለውን ጎረቤት ያነጋግሩ፣ እንዲህ ያለ ቦይ ሁለት ቤተሰብ ሲያጣላ በዓይኔ አይቻለሁና።

ሳር እያለ ላሚቱ ስትከሳ

ይህ ከሁሉም ይበልጥ የሚያደናግር ምልክት ስለሆነ ሁለት ነገር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው የሳሩ ዓይነት ነው። ማገጥና ሰርዶ እየጠፉ ሜዳውን ስንደዶ ከሸፈነው፣ ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስለው መሬት ለከብቱ ባዶ ማዕድ ነው፤ ስንደዶ ለስፌት እንጂ ለላም ብዙ አይረባም። ከብት የሚጣፍጠውን ደጋግሞ እየጋጠ የማይወደውን ስለሚተው፣ የተተወው ዘር ጥሎ ይስፋፋል። መፍትሄው ስንደዶውን ዘር ከመያዙ በፊት ማጨድ፣ ሜዳውን ከፋፍሎ አንዱን ክፍል ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ማሳረፍና ፍግ መበተን ነው። የማገጥ መሳሳት ቀድሞ የሚታይ ምልክት ስለሆነ በየዓመቱ መስከረም ላይ ልብ ብሎ መመልከት ይጠቅማል።

ሁለተኛው የሳሩ መጠን ነው። በከተማው ዙሪያ ሜዳው በቤትና በፋብሪካ እየተበላ የከብቱ ቁጥር ስላልቀነሰ፣ በዓይን መገመት አያዋጣም። እኔ የምጠቀመው ከብረት ዘንግ የተበየደ፣ በየጎኑ ግማሽ ሜትር የሆነ ካሬ ነው። ካሬውን ሳይመርጡ በአሥር ቦታ እየጣሉ ውስጡ ያለውን ሳር ሦስት ጣት ያህል አስቀርቶ ማጨድ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በደንብ እስኪደርቅ ማስጣትና መመዘን ነው፤ የእኔ ሚዛን ከሰፈሩ ቡና ሻጭ የተዋስኳት ናት። የአሥሩን አማካይ ግራም በ40 ሲያባዙት በሄክታር ያለውን ደረቅ ሳር በኪሎ ይሰጥዎታል። ለምሳሌ 50 ግራም ከሆነ በሄክታር 2,000 ኪሎ ነው፤ ግማሹ መሬቱን እንዲሸፍንና ሥሩን እንዲያበረታ ይቅር፣ 1,000 ኪሎ ለከብት ይሆናል። ተመራማሪዎች በቆላም በደጋም ከብት ለመቁጠር የሚጠቀሙበት መለኪያ 250 ኪሎ ክብደት ያለው እንስሳ ነው፤ እንዲህ ያለ እንስሳ በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ፣ ማለትም 6.25 ኪሎ ደረቅ መኖ ቢበላ፣ አንድ ሄክታር አንዲትን ላም 160 ቀን ወይም አራት ላሞችን 40 ቀን ይይዛል። 400 ኪሎ የምትመዝን የሆልስታይን ዲቃላ ከሆነች 100 ቀን ብቻ ነው። ሒሳቡ እስከ ሰኔ ካላደረሰ መቀነስ ያለበት በጥቅምት፣ ከብቱ ሥጋ ይዞ ዋጋ በሚያወጣበት ጊዜ ነው፤ በመጋቢት የሚሸጥ የከሳ በሬ ገበያ ላይ ምን እንደሚያወጣ ሁሉም ያውቃል።

ጉድለቱን ለመሙላት ለደጋው አጃንና ቬች የተባለውን የጥራጥሬ ዘመድ መኖ ቀላቅሎ መዝራት፣ በአጥር ዳርም ትሪ ሉሰርን የተባለውን የመኖ ዛፍ መትከል ይሻላል። ዝሆኔ ሳር ግን ውርጭ በሚበረታበት ሜዳ በኅዳር ሌሊት ቅጠሉ ስለሚቃጠል አልመክርም።

ከመንጋጋ ሥር እብጠት ሲታይ

ላሚቱ ከስታ፣ የዓይኗ ውስጥ ነጥቶ፣ ከመንጋጋዋ ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ከታየ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የጉበት ትል ነው። ትሉ የሚያድገው ረግረግ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ሲሆን፣ ከዚያ ወጥቶ ሳር ላይ ይጣበቃል። በበጋ ሜዳው ሲደርቅ ከብቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ወደቀረው ረግረግ ስለሚጎርፍ፣ ዝናቡ በዘገየ ዓመት ጉዳቱ ይከፋል። ረግረጉን ማጠርና ውሃውን በገንዳ ማጠጣት ዋናው መፍትሄ ነው። ለመድኃኒቱ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ፤ አልቤንዳዞል ያደገውን ትል ብቻ ሲገድል ትሪክላቤንዳዞል ገና በማደግ ላይ ያለውንም ይገድላል። የምትታለብ ላም ከሆነች መድኃኒቱ ወደ ወተቱ ስለሚያልፍ ይህን አስቀድመው ይንገሩት።

በመስከረም ግራ ጎኗ ሲነፋ

በባዶ ሆድ ጤዛ የያዘ ማገጥ በልታለች ማለት ነው። ጠዋት ጭድ አቅምሰው፣ ጤዛው ሲረግፍ ያሰማሯት።

ድርቆሹ ሲሻግት

በጥቅምት ሰማዩ ሳይጠራ ታጭዷል፣ ወይም ሳይደርቅ ተከምሯል። ሳሩ ግማሹ ሲያብብ መታጨድ አለበት፤ ብዛቱ እንዲጨምር ብሎ እስከ ኅዳር ማቆየት የድርቆሹን እስር ያበዛል፣ ምግብነቱን ግን ያሳጣል። የሻገተውን በተለይ ለእርጉዝ ላም አይስጡ። በምትኩ 100 ኪሎ ጭድ በ100 ሊትር ውሃ በሟሟ 5 ኪሎ ዩሪያ አርሶ፣ በላስቲክ አየር እንዳይገባ ሸፍኖ 21 ቀን ማቆየት ይቻላል፤ ከመመገብዎ በፊት ሽታው እስኪወጣ አንድ ሌሊት ያናፍሱት፣ ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃም አይስጡ።