የሚያደንቁት ሙዚቀኛ ፊት እንዳይነሳዎት

ለዓመታት ዘፈኖቹን ሲሰሙ የኖሩት ሰው ፊትዎ ቆሟል። ሰላም ይሉታል። እሱ ስልኩን እያየ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር ትዝ የሚልዎት ያ ፊት ነው። ሙዚቀኛው ባለጌ የሚሆንበት ጊዜ መቼም አለ። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩን የምናበላሸው እኛው አድናቂዎቹ ነን።

ከመድረክ እንደወረደ መያዝ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሰውዬው ሁለት ሰዓት ዘፍኗል። ላብ በላብ ሆኗል፣ ድምፁ ደክሟል፣ ጆሮው ከስፒከሩ ጩኸት ገና አልተላቀቀም። ራሱን ነቀነቀ ማለት ሰማዎት ማለት አይደለም። ከዝግጅቱ በፊት ደግሞ ይብሳል። ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) ላይ ማይክ አልሠራ ብሎ ሁሉም ይጨቃጨቃል፤ ፍርሃቱም አለ። ባርብራ ስትራይሳንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ስትዘፍን ግጥም ጠፋባት። ድንጋጤው ለብዙ ዓመታት ከኮንሰርት አራቃት። እሷን የሚያክል ዘፋኝ እንዲህ ከፈራ፣ መድረክ ሊወጣ አምስት ደቂቃ የቀረው ሰው ጨዋታ ባያምረው አይፈረድበትም። የሚሻለው ዕቃ እየተሰበሰበ ሰው ሲሳሳ መጠበቅ ነው።

ያውቀኛል ብሎ ማሰብ

ዶናልድ ሆርተን እና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ገና እ.ኤ.አ. በ1956 የሬዲዮና የቴሌቪዥን ተከታታዮች ከሚያዩትና ከሚሰሙት ሰው ጋር የአንድ ወገን ቅርርብ እንደሚፈጥሩ ጽፈዋል። እርስዎ በሐዘንም በፍቅርም ጊዜ ከእሱ ድምፅ ጋር ነበሩ። እሱ ግን እርስዎን ያየው አሁን ነው። በዘፈኑ እንዲያ የሚያባባ ሰው በአካል ዝምተኛ ቢሆን አስመሳይ ነው ማለት አይደለም። ዓይን አፋር ሙዚቀኛ ሞልቷል።

ልማዱን እንደ ንቀት መቁጠር

የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ መድረክ ላይ ለታዳሚው ጀርባውን ይሰጣል ተብሎ ስንት ተወርቶበታል። እሱ ግን ፊቱን የሚያዞረው ወደ ባንዱ ነበር፤ የኦርኬስትራ መሪም እኮ ለሕዝብ ጀርባውን ነው የሚሰጠው። የቢትልሱ ከበሮ መቺ ሪንጎ ስታርም እ.ኤ.አ. በ2008 ከኦክቶበር 20 በኋላ የሚላክልኝን ደብዳቤ አላይም፣ ፊርማም የለም ብሎ በቪዲዮ ተናገረ። ብዙ ሰው ተቀየመው። (የከለከለው ደግሞ «ሰላምና ፍቅር» እያለ ነው!) ለእኔ ግን ቁርጡን መናገሩ ደብዳቤ ሰብስቦ ዝም ከማለት ይሻላል።

የማይባለውን ማለት

«የድሮው አልበምህ ይሻል ነበር» አይባልም። እውነት ቢሆንም። «ነፍሴ ነህ» የሚለውንም በየቀኑ ስለሚሰማው ምን እንደሚመልስ ግራ ይገባዋል። ይልቅ አንድ ቦታ ለይተው ይንገሩት፦ «ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከበሮው ቆሞ ባስ ጊታሩ ብቻውን የሚሰማባት ቦታ እንዴት መጣች?» ሙዚቀኛ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ፊቱ ይፈታል። እንዲያውም ባስ ተጫዋቹን ራሱን ይጠይቁት። ጥግ ላይ ኬብሉን እየጠቀለለ ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ሳይጠይቁ ስልክ መደቀን

ይሄ ማብራሪያ አያሻውም። ይጠይቁ። እምቢ ካለ ይተዉት።

ሁሉን ይቅር ማለት

ፊት መንሳት ሌላ፣ ሰው ማዋረድ ሌላ። ድካም አስተናጋጅ ላይ ለመጮህም ሆነ አድናቂን ያለፈቃዷ ለመንካት ሰበብ አይሆንም። «አርቲስት ስለሆነ ነው» የሚባለው ነገር እኔን አያሳምነኝም። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ማድነቅዎን ቢያቆሙ ማንም ሊፈርድብዎት አይገባም።

ነገሩ ቀዝቀዝ ያለ ሰላምታ ብቻ ከሆነ ግን በንዴት አልበሙን ከስልክዎ አያጥፉት። እዚያ ላይ ከበሮ መቺው አለ፣ አቀናባሪው አለ፣ ድምፁን ያስተካከለው ባለሙያ አለ። እነሱ ምንም አላደረጉዎትም። መስማቱ ካስጠላዎት ለተወሰነ ጊዜ ይተዉት። ማጥፋቱ ይደርሳል።