በባለ በተን ስልክ የእናትን ስኳር መከታተል

ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ ማልዳችሁ መሀል ከተማ ለሥራ ስትገቡ እናታችሁ ከመድኃኒታቸው ጋር ብቻቸውን ይውላሉ። ለክትትሉ ተራው ባለ በተን ስልክ ይበቃል። ባትሪው ለቀናት ስለሚቆይ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር እንዲያውም ከስማርት ስልክ ይሻላል።

አላርሙን ስትሞሉ ተጠንቀቁ፤ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ የጠዋቱ 1 ሰዓት 7:00፣ የምሽቱ 1 ሰዓት ደግሞ 19:00 ነው። 1:00 ብላችሁ ከሞላችሁት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይጮኻል። ስልኩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ላይ አድርጉት፤ አላርሙም «በየቀኑ» የሚል ይሁን፣ አለዚያ አንዴ ጮኾ ዝም ይላል። ባትሪው ወጥቶ ከገባ ሰዓቱን እንደገና እዩ።

ምግቡ ሳይደርስ ኢንሱሊን አይወጉ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ወስደው ምግብ ከዘገየ ስኳር ይወርዳል። ጾም ሲመጣ ሰዓቱንና መጠኑን ቀድማችሁ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ በራሳችሁ አትቀይሩ። ወስደው ሲበሉ አንድ ሚስኮል ያድርጉላችሁ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልመጣ ደውሉ።

ስኳራቸውን በመለኪያ መሣሪያው ከመለካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ያድርቁ፤ ማር ወይም ሙዝ የነካ ጣት ቁጥሩን ያንረዋል። የሚወጋው የጣቱ ጎን ነው፣ ሕመሙ ይቀንሳል። ቁጥሩን «አንድ፣ አራት፣ ሁለት» እያሉ በየተራ ይንገሯችሁ፤ መሣሪያው ከተገለበጠ 6 እና 9 ይምታታሉ። እንደ 7.8 ያለ ነጥብ ያለው ቁጥር ከሆነ በ18 አባዙት፣ 140 ይሆናል። ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከምግብ በፊት ወይም በኋላ መሆኑ ጋር ጻፉት፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚያስተካክለው ይህን አይቶ ነው።

ከ70 በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይደገማል፤ ሲስተካከል ምግብ ይብሉ። ከ300 በላይ ሆኖ ማስመለስ ወይም መፍዘዝ ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስኳር ሲወርድ ላያልባቸው፣ ላያንቀጠቅጣቸውም ይችላል። ድምፃቸውን አድምጡ፦ ከተንተባተቡ፣ ንግግራቸው ከተዘበራረቀ፣ ያለ ምክንያት ከተቆጡ መለኪያውን ሳትጠብቁ ስኳሩን ያጠጧቸው ዘንድ ለጎረቤት ደውሉ። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አይጨመር፤ በጎናቸው ይተኙና 907፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራ። ጎረቤት እንዲደርስላቸው ትርፍ ቁልፍ እሱ ጋ ይቀመጥ፤ ቀን ላይ የውስጡን መቀርቀሪያ አይዝጉ።