ዝቅ ባለ መኪና ላይ ጎማ ሲፋተግ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ቪትዙን ዝቅ አስደርጎ፣ ሰፊ ቸርኬም አስገጥሞ ቱሉ ዲምቱ ወዳለው ቤቴ መጣ። ቆሞ ሲታይ በእውነት ያምራል። ማታ ሦስት ሰው ከኋላ ጭነን ከአስፋልቱ ወደ ኮብልስቶኑ ስንገባ ግን ከኋላ በኩል መጋዝ እንጨት ሲቆርጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ፤ ተከትሎም የተቃጠለ ጎማ ሽታ። ጎንበስ ብለን በስልክ መብራት ስናይ የቀኙ የኋላ ጎማ ትከሻ ዙሪያውን በቢላዋ የተላጠ መስሏል። ጣቴን ሳሳርፍበት ይፋጃል። ጎማው ከተገዛ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወስዶት «ስፔሰር ይግባበት» ተባለ። ስፔሰር በቸርኬውና በመኪናው መካከል የሚገባ ዝርግ ብረት ነው፤ ጎማን ወደ ውጭ ይገፋል። የእሱ ጎማ የሚፋተገው ደግሞ በውጭ በኩል ነበር። ገንዘብ ከፍሎ ችግሩን ሊያባብስ ሲል ነው የደረስኩበት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ጎማው የት ቦታ ላይ እንደሚነካ በዓይናችሁ ሳታዩ ምንም አትግዙ፣ ምንም አታስቆርጡ። የውስጥ መፋተግና የውጭ መፋተግ መድኃኒታቸው ተቃራኒ ነው።

የሚነካበትን ቦታ ማግኘት

የሚያስፈልገው የትምህርት ቤት ጠመኔ ብቻ ነው። የጎማውን ትከሻ በውጭም በውስጥም በኩል፣ የፓራፋንጎውንም የታጠፈ ጠርዝ በደንብ ቀቡ። ከዚያ መኪናው በተለመደው ኑሮው የሚሸከመውን ያህል ሰው ጭናችሁ፣ ኮብልስቶን ላይና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ በዝግታ ንዱት። መሪውን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አንቀሳቅሱት። ጠመኔው የጠፋበት ቦታ መልሱ ነው። ባዶ መኪና ለስላሳ አስፋልት ላይ ነድቶ «ምንም የለውም» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ምልክት፦ ጉብታ ሲያልፍ ወይም ሰው ሲጭን ከኋላ ይፋተጋል

በእኛ ሰፈር የማየው ችግር አብዛኛው ይኸው ነው። መንስኤው ቸርኬው በጣም ወደ ውጭ መውጣቱ፣ ጎማው መተለቁ ወይም ሞላው ከመጠን በላይ ማጠሩ ነው፤ በአክስቴ ልጅ መኪና ላይ ሦስቱም ተገናኝተዋል።

ቸርኬ ስትገዙ ሁለት ቁጥሮችን አንብቡ፦ ስፋቱንና ኦፍሴቱን። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚታሰርበት ፊት ከቸርኬው ስፋት መሀል በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ የሚናገር ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ «ኢቲ» (ET) ከሚል ምልክት ጋር ቸርኬው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሲበዛ ወደ ውስጥ ይገባል።

የቀድሞው ቸርኬ ስፋቱ 5.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 45 ነበር። አዲሱ ስፋቱ 7 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 35። የስፋቱ ልዩነት 1.5 ኢንች፣ ማለትም 38 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ለሁለት ሲከፈል በእያንዳንዱ ጎን 19 ይሆናል። ኦፍሴቱ በ10 ስለቀነሰ በውጭ በኩል 10 ይደመራል፤ በውስጥ በኩል 10 ይቀነሳል። ስለዚህ ቸርኬው ወደ ውጭ 29 ሚሊ ሜትር ወጣ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ 9 ገባ። 29 ሚሊ ሜትር ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ትንሿ ቪትዝ ፓራፋንጎዋ ውስጥ ያን ያህል ትርፍ ቦታ የላትም።

ጎማውም የራሱን ጨመረ። ፋብሪካው የሰጠው 175/65 አር 14 (ስፋቱ 175 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ፣ ለ14 ኢንች ቸርኬ) ሙሉ ቁመቱ 583 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የተገጠመው 195/55 አር 15 ደግሞ 595 ያልፋል። ይህ ማለት የጎማው አናት ወደ ፓራፋንጎው በ6 ሚሊ ሜትር ቀረበ ማለት ነው። በዚህ ላይ መኪናው 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል።

መፍትሔው በቅደም ተከተል ሲሆን መጀመሪያ የሚስተካከለው ቸርኬውና ጎማው ነው። እኛ ሰፊውን ቸርኬ ሸጠን ስፋቱ 6፣ ኦፍሴቱ 40 የሆነ ባለ 15 ገዛን። ወደ ውጭ የወጣው 11 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ፤ በውስጥ በኩል ለውጡ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጎማውን 185/55 አር 15 አደረግነው፤ ቁመቱ ከፋብሪካው ጎማ በአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው የሚለየው። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያውም አይዋሽም።

ይህ ተደርጎ ጥቂት የሚነካ ከሆነ የፓራፋንጎው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ይህን ለጥሩ የባትላሜራ ባለሙያ ስጡት። ቀለሙ በሙቅ አየር ሳይለሰልስ በመዶሻ ከተመታ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የክረምት ውሃ ይገባና በዓመቱ ዝገት ይበላዋል። ጠርዙን በፍሌክሲብል ማስቆረጥን ግን በፍጹም አልመክርም። ሁለት ላሜራ የተገናኘበትና የተበየደበት ቦታ ነው።

ምልክት፦ መሪ እስከ መጨረሻው ሲዞር ከፊት ይፋተጋል

ጠመኔው የጠፋው ከጎማው ውስጠኛ ትከሻ ላይ ከሆነ ጎማው የሚነካው ሾክ አብዞርበሩን፣ አርሙን ወይም ከውስጥ ያለውን የፕላስቲክ መከለያ ነው። መከለያው ብቻ ከሆነ ቀላል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማሰሪያው ወልቆ የተንጠለጠለ ፕላስቲክ ነውና መልሶ ማሰር ይበቃል።

ብረት የሚነካ ከሆነ ስፔሰር ቦታው እዚህ ነው። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለው ቀጭን ስፔሰር ብዙ ጊዜ ያድናል። ግን ስፔሰሩ ከቡሎኑ ርዝመት ላይ ይበላል። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነና ጥርሱ 1.5 የሆነ ቡሎን ላይ ዳዶው ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር መያዝ አለበት። ራሳችሁ በእጃችሁ አዙራችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ካነሰ ረጅም ቡሎን ይቀየራል እንጂ «ይይዛል» ተብሎ አይነዳም።

መሪ ሳይዞር፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጎማው ሾክ አብዞርበሩን የሚነካ ከሆነ መኪናውን እዚያው አቁሙት። ያ ጎማ በፍጥነት ላይ የሚፈነዳ ጎማ ነው።

ምልክት፦ ጉብታ ላይ «ድም» ይላል፣ መኪናው ይነጥራል

ይህ የሞላ ጉዳይ ነው፤ በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በከተማው ዳር ባሉ ብየዳ ቤቶች ሞላን በእሳት አግሎ ማሳጠር እንደ ቀላል ሥራ ይታያል። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ነው። እስኪቀላ ሲግል ያ ጥንካሬ ይጠፋል፤ አንዱ ጎን ከሌላው በላይ ይወርዳል፣ ከጊዜ በኋላም ሊሰበር ይችላል። የተቆረጠ ሞላም ሌላ አደጋ አለው፦ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲንጠለጠል ሞላው ይላላና ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል።

መፍትሔው ለመኪናው ሞዴል የተሠራ አጭር ሞላና ከእሱ ጋር የሚስማማ ሾክ አብዞርበር መግጠም ነው። የፋብሪካው ሾክ አብዞርበር በጣም አጭር ሞላ ላይ ሲገጠም መንቀሳቀሻ ርቀቱ ያልቅና ጎሚኒው (መጨረሻው ላይ ያለው የጎማ መቆሚያ) ላይ እየተደበደበ ቶሎ ያፈሳል። በበኩሌ ለእኛ መንገድ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ማድረግን አልደግፍም። ነሐሴ ላይ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ ከላይ አይታይም። የሞተር ዘይት ኮፓው አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ ዘይቱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሞተሩም ይከተላል።

ምልክት፦ አዲስ ጎማ በውስጥ በኩል ብቻ ያልቃል

መኪና ዝቅ ሲል የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የመሪ ዘንጎችም ማዕዘናቸው ስለሚቀየር የሁለቱ ጎማዎች አፍንጫ ከቀጥታ መስመር ይወጣል። ጎማ በፍጥነት የሚበላው በተለይ ይህ ሁለተኛው ነው። ሞላ በተቀየረ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሞላው ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ ዊል አላይመንት አሠሩ። የፊት መብራቱንም አቅጣጫ አብራችሁ አስተካክሉ።

ምልክት፦ በፍጥነት ሲነዳ መሪ ይንቀጠቀጣል

ኮብልስቶን ላይ አይታወቅም፤ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ 80 ሲያልፍ ይጀምራል። ባላንስ ተሠርቶም ካልጠፋ የቸርኬውን መሀል ቀዳዳ ለኩ። የቪትዝ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለብዙ መኪና ተብለው የሚሠሩ ቸርኬዎች ግን ቀዳዳቸው ይሰፋል። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት አስገቡ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ዳዶዎቹም የቸርኬውን መቀመጫ ቅርጽ የሚመስሉ ይሁኑ፦ ሾጣጣ ለሾጣጣ፣ ጠፍጣፋ ለጠፍጣፋ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጥበቁ።

ሁሉም ተስተካክሏል ስትሉ ጠመኔውን እንደገና ቀቡ፤ ያንኑ ሰው ጭናችሁ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጉብታ ላይ እለፉ። የአክስቴ ልጅ መኪና ከኮብልስቶኑ ሲመለስ በአራቱም ጎማ ላይ ነጩ መስመር እንዳለ ነበር። ያኔ ነው የፋብሪካውን ቸርኬ ከመኪናው የኋላ ኮፈን አውርደን መጋዘን ያስገባነው።