ጥናትዎ ከግቢ እንዲወጣ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ታሪክ የሚጠላ ሰው የለም። የዘጌ ጀልባ ነጂም ባለ ባጃጁም ጥያቄ አላቸው። የታሪክ ምሁራን ጥናት ግን ብዙውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ አይወጣም። ይህ የሚያሳዝነኝ ጥፋቱ የሰሚው ስላልሆነ ነው።

ለሁሉም ነገር አንድ ዕድሜ መስጠት

የዘጌው ገዳም ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው መቅደሱን የከበቡትን ሥዕሎች ቀና ብሎ ያይና «ስንት ዓመቱ ነው?» ይላል። «ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ይህ ግን በትውፊት ገዳሙ የተመሠረተበት ዘመን ነው። ሕንፃውና ሥዕሎቹ የራሳቸው ዕድሜ አላቸው። ጎብኚውን ጠጋ አድርገው ጠመንጃ የያዙትን ወታደሮች ያሳዩት። ታሪኩ የመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ጠመንጃው ግን ከሠዓሊው ዘመን የመጣ ነው። «ታዲያ ሥዕሉ መቼ ተሳለ?» ብሎ ራሱ ይጠይቅዎታል። የምርምር ዋናው ጣዕም ይሄ ነው፤ ለምን ለራሳችን ብቻ እናስቀረዋለን?

ትውፊትን በአንድ ቃል ማጣጣል

በጣና ሐይቅ ላይ ያለው የጣና ቂርቆስ ገዳም አባቶች ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት እዚያ ለብዙ መቶ ዓመታት ተቀምጣለች ይላሉ። «ተረት ነው» ካሉ ወሬው እዚያው አለቀ፤ ሰውም ቅር ይለዋል። ትውፊቱን በክብር ይንገሩ። ከዚያ መቼ እንደተጻፈ፣ ማን እንደጻፈው፣ ሌላ ምን ማስረጃ እንዳለ አብራችሁ እዩ። የማያሳምን ነገር ካለም ምክንያቱን በግልጽ ያስረዱ። ሰው የሚቀየመው ሲናቅ ነው እንጂ ማስረጃ ሲያይ አይደለም።

የዘመን አቆጣጠሩን አለመግለጽ

ትንሽ ይመስላል፣ ግን ብዙ ያምታታል። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ የዓባይን ምንጭ፣ ግሽ ዓባይን ያየው በ1618 እ.ኤ.አ. ሲሆን በእኛ 1610 ዓ.ም. ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የደረሰበት 1770 እ.ኤ.አ. ደግሞ 1763 ዓ.ም. ይሆናል። ልዩነቱ አንዴ ስምንት፣ አንዴ ሰባት የሆነው ወሩ ስለሚወስነው ነው። ሁለቱንም ይጻፉ። እግረ መንገድዎን፣ «ምንጩን አገኙት» አይበሉ፤ ምንጩ ያለበት የሰከላ ሰው ድሮም ያውቀው ነበር።

ለጉባኤ የተጻፈ ወረቀት ለሕዝብ ማንበብ

አይሆንም። ወረቀቱን አስቀምጠው ይናገሩ።

ወስዶ አለመመለስ

ከሁሉ የሚከፋኝ ይሄ ነው። አባ ዕቃ ቤቱን ከፍተው ብራናውን አሳዩ፤ ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ተረኩ። ውጤቱ ግን በእንግሊዝኛ፣ በክፍያ በሚከፈት ጆርናል ላይ ወጣ። ሁለት ገጽ አማርኛ በትልልቅ ፊደል አትመው ይዘውላቸው ይሂዱ። ዓይናቸው ለደከመ ድምፅ ቀድተው በቴሌግራም ለልጆቻቸው ይላኩ። ደግሞ ሳይታተም በፊት ቢያደርጉት ይሻላል፤ የቦታ ስም ወይም የዘር ሐረግ ከተሳሳተ ቀድመው የሚያርሙዎት እነሱ ናቸው።