«ለእኔ አይሰጡኝም» ብሎ መቅረትና ሌሎች ውድ ስህተቶች፦ የገንዘብ እርዳታ በአሜሪካ ኮሚኒቲ ኮሌጅ

ዲቪ ደርሶት አሜሪካ የገባ ሰው ነርሲንግ ወይም አይቲ ልማር ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው። ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ ያንሳል፣ ሥራ እየሠሩ ማታ መማርም ይቻላል። ስለ ፋይናንሻል ኤይድ ግን ብዙው መረጃ የሚገኘው ቡና ላይ ነው። አንዱ ተከልክሎ ከሆነ ለምን እንደተከለከለ ሳይጠየቅ «ለሐበሻ አይሰጡም» ተብሎ ይወራል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያ ወሬ የሚመጡ ናቸው።

ሳይሞክሩ መተው

ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ለመሙላት ዜግነት አያስፈልግም። ግሪን ካርድ ያለው፣ በሪፉጂነት የገባ፣ አሳይለም የተፈቀደለት ሰው ሁሉ መሙላት ይችላል። «አምስት ዓመት መቆየት አለብህ» የሚባለው ከሌሎች የመንግሥት ድጋፎች ጋር ተምታቶ ነው፤ እዚህ የለም። በዚህ ቅጽ የሚገኘው ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል ድጋፍ እንደ ብድር የማይመለስ ገንዘብ ነው። ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። በብዙ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ሙሉ ፔል ያገኘ ሰው የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ ይተርፈዋል፤ የተረፈው ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት በእጁ ይሰጠዋል።

«ሥራ ስላለኝ ሁለት ክላስ ብቻ ነው የምወስደው» ብሎ የሚተውም አለ። ፔል ለሙሉ ጊዜ ተማሪ ብቻ አይደለም። ሙሉ ጊዜ የሚባለው 12 ክሬዲት ነው፤ 6 ክሬዲት የወሰደ ግማሹን ያገኛል።

የአሳይለም ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰው የፌዴራሉን አያገኝም። ሆኖም ዋሽንግተን፣ ካሊፎርኒያ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ፋፍሳ መሙላት ለማይችሉ ሰዎች የራሳቸው ቅጽ አላቸው። ለእናንተ ይሆን አይሆን እንደሆነ የኮሌጁን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ጠይቁ። መጠየቅ በነፃ ነው።

የአገር ቤቱን ዲግሪ መደበቅ

ይህ በእኛ ሰው ላይ በብዛት ይደርሳል፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ፔል የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ሰው ነው። ዲግሪው ከአዲስ አበባም ሆነ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ያው ዲግሪ ነው። ቅጹ ላይ ባችለርስ ዲግሪ ይኖራችሁ እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ አለ። «የአገር ቤቱ እዚህ አይሠራም፣ የለኝም በል» የሚል መካሪ አይጠፋም። እንዳትሰሙት! ሥራ ለማግኘት ወይም ክሬዲት ለማስያዝ ያንኑ ዲግሪ ያስገመገማችሁ ቀን ነገሩ ይወጣል፤ የተቀበላችሁትን ገንዘብ መልሱ ትባላላችሁ። በሐሰት መረጃ ገንዘብ መውሰድ ደግሞ በወንጀልም ያስጠይቃል።

ዲግሪ አለኝ ማለት ግን በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። የፌዴራል ብድር መጠየቅ ይቻላል። የወሰዳችሁት ትምህርት በአሜሪካ ከባችለርስ ጋር እኩል አይደለም የሚል የግምገማ ማስረጃ ካላችሁ ኮሌጁ አይቶ ሊወስን ይችላል። ዲፕሎማ ወይም ሌቭል ፎር ያለው ሰው ደግሞ ባችለርስ የለውምና ያለ ስጋት «የለኝም» ይበል።

አጎትን በአባት ቦታ መጻፍ

ዕድሜው ከ24 በታች የሆነ፣ ያላገባና ልጅ የሌለው ተማሪ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር የወላጆቹን መረጃ ማስገባት አለበት። ሜሪላንድ አክስቱ ቤት ቢኖርም፣ ሁሉን የምትችለው አክስቱ ብትሆንም፣ በሕግ የጉዲፈቻ ልጇ ካላደረገችው ወላጅ ተብላ አትገባም። የሚጠየቁት አዲስ አበባ ያሉት እናትና አባት ናቸው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖራቸውም የፋፍሳ አካውንት ከፍተው ፈቃዳቸውን መስጠት ይችላሉ። ገቢያቸው ወደ ዶላር ተቀይሮ ይሞላል። ከሚኖሩበት ቤት ሌላ የሚያከራዩት ኮንዶሚኒየም ካለም እንደ ሀብት ይቆጠራል፤ አገሩ ሩቅ ነው ተብሎ አይታለፍም።

ወላጆቹን በስደት ምክንያት ማግኘት የማይችል ልጅ ካለ ግን ዝም ብሎ አይቅር። ቅጹ ላይ ልዩ ሁኔታ እንዳለበት ይግለጽ፤ ከዚያ ለኮሌጁ ቢሮ ያስረዳ። ሕጉ ይህን ያውቃል።

ስምና ልደት

የእኛ ስም ለአሜሪካ ቅጽ አይመችም። አንዱ ሰነድ ላይ ላስት ኔም የአባት ስም ነው፣ ሌላው ላይ የአያት። ፋፍሳ ደግሞ መረጃውን ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ስለዚህ የሚጻፈው ሶሻል ካርዱ ላይ ያለው ስም ነው። የልደት ቀኑ ከእኛ አቆጣጠር ሲቀየር ተሳስቶ ከሆነ መጀመሪያ ሶሻል ቢሮ ሄዳችሁ አስተካክሉት።

ከፍሎ ማስሞላት

ፋፍሳ በነፃ ነው። ታክስ ሠሪው 150 ዶላር ቢጠይቃችሁ ተሰናብታችሁት ውጡ። ከገንዘቡ የሚብሰው ፓስዎርዳችሁን መስጠቱ ነው። አካውንቱ ፊርማችሁ ነው፤ ብድርም በእሱ ይፈረማል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የኮሌጁ ቢሮ ቁጭ አድርጎ ያሞላችኋል።

ቅጹን ልኮ መርሳት

አንዳንዱ ተማሪ ለማጣራት ይመረጣል። ያጠፋው ነገር ኖሮ ላይሆን ይችላል። ኮሌጁ የታክስ ወረቀት ወይም የቤተሰብ ብዛት ማረጋገጫ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚመጣው በኮሌጁ ኢሜይል ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ ጂሜይሉን እንጂ ያንን አይከፍትም። ወረቀቱ እስኪገባ ገንዘቡ አይለቀቅም።

ቀኑም ያልፋል። ቅጹ በመደበኛው ኦክቶበር 1 ይከፈታል፣ በየዓመቱም እንደገና ይሞላል። የስቴት ገንዘብ ቀድሞ ይዘጋል፦ በሜሪላንድ ለዋናዎቹ ድጋፎች ማርች 1 ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ጂ3 የሚባለውን ጠይቁ፤ እንደ ጤናና አይቲ ላሉ ሙያዎች በኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚሰጥ ድጋፍ ነው።

ክላስ እንደልብ መጣል

ሺፍት ሲበዛ ክላስ ድሮፕ ማድረግ ቀላል ይመስላል። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ፣ በ15 ሳምንት ሴሚስተር 9ኛው ሳምንት አካባቢ ማለት ነው፣ ሁሉንም ክላስ ከተዋችሁ ከተሰጣችሁ ገንዘብ የተወሰነው ይመለሳል። ኮሌጁም ቢል ይልክላችኋል። ቢሉ ካልተከፈለ ለቀጣዩ ሴሚስተር መመዝገብ ላይቻል ይችላል።

በዚያ ላይ ብዙ ኮሌጆች 2.0 ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) እና ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት 67 በመቶውን መጨረስ ይጠይቃሉ። 12 ወስዶ 6 የጨረሰ 50 በመቶ ላይ ነው፤ ቀጣዩ እርዳታ ሊቆምበት ይችላል። ምክንያቱ ሕመም ወይም ሐዘን ከሆነ ማስረጃ ይዞ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ክላሱን ከመጣላችሁ በፊት ግን ቢሮውን አናግሩ።

ፔልም ማለቂያ አለው፤ በሕይወት ዘመን የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ነው። በፔል የተከፈለ የእንግሊዝኛ ኮርስም ከዚያ ይቀነሳል።

ብድሩን ሳያዩ መቀበል

የተላከላችሁ የእርዳታ ዝርዝር ላይ ግራንትና ሎን አንድ ላይ ሊጻፉ ይችላሉ። ሁሉንም መቀበል ግዴታ አይደለም። ብድር ካስፈለገ በትምህርት ላይ ሳላችሁ ወለድ የማይቆጠርባችሁን፣ ሰብሲዳይዝድ የሚባለውን አስቀድሙ።

ያለፈው ገቢ ይፍረድብኝ ማለት

ቅጹ የሚያየው የቆየ ታክስ ነው፤ የ2026–27ቱ የ2024ን ገቢ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ባልና ሚስት ሁለቱም ይሠሩ ነበር እንበል። ዛሬ ባል ከሥራ ተቀንሷል፣ ሚስት አራስ ናት። ቅጹ ይህን አያውቅም። መጀመሪያ ፋፍሳውን በታክሱ መሠረት ሙሉ። ከዚያ የሥራ ስንብት ደብዳቤውንና የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶችን ይዛችሁ ወደ ኮሌጁ ቢሮ ሂዱና ገቢያችን ተለውጧል፣ እንደገና ይታይልን በሉ። ውሳኔው የእነሱ ነው፤ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አያነሳላችሁም።