የትእዛዝ ቀን ወደ ኋላ ይቆጠራል፦ ለአዲስ አበባ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴዎች የአቅርቦት አያያዝ መመሪያ

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው የከተማው እምብርት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ያለው ነጋዴ ዋናውን ገበያ የሚያገኘው በነሐሴና በመስከረም ነው። ስለዚህ ዕቃ የሚታዘዝበት ቀን መወሰን ያለበት ገንዘብ እጅ በገባበት ጊዜ ሳይሆን፣ ደብተሩ መደርደሪያ ላይ መገኘት ካለበት ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው።

ቆጠራውን በየደረጃው ለይተው ይጻፉ፦ የባንክና የውጭ ምንዛሬ ሂደት፣ የፋብሪካ ምርት፣ የባሕር ጉዞ፣ የጅቡቲ ቆይታ፣ ወደ ሞጆ ወይም ወደ ቃሊቲ ደረቅ ወደብ (ከባሕር ርቆ ኮንቴይነር የሚራገፍበት ቦታ) ማጓጓዝ፣ ጉምሩክ፣ በመጨረሻም እስከ መጋዘንዎ ያለው መንገድ። ለእያንዳንዱ ደረጃ የተለመደውን ቀንና እስካሁን ያጋጠመዎትን ረጅሙን ቆይታ ጎን ለጎን ይመዝግቡ። ለመስከረም ዕቃ በረጅሙ ቆይታ ማቀድ ይሻላል፤ ትምህርት ቤት ኮንቴይነር ደረሰ አልደረሰ ብሎ አይከፈትም። ከቻይና የሚያስመጡ ከሆነ ደግሞ የቻይናውያን አዲስ ዓመት በጥር አጋማሽና በየካቲት አጋማሽ መካከል እንደሚውል፣ ፋብሪካዎችም በዚያ ሰሞን እንደሚዘጉ በቆጠራው ውስጥ ያስገቡ።

ብዙ ጊዜ የሚባክነው በባሕር ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መርከቡ ከመነሣቱ በፊት አቅራቢዎ የኢንቮይሱን (የዋጋ መጠየቂያ)፣ የፓኪንግ ሊስቱን (የካርቶን ዝርዝር) እና የቢል ኦፍ ሎዲንጉን (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ረቂቅ እንዲልክልዎ ይጠይቁና ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መስመር በመስመር ያመሳክሩ። ኢንቮይሱ 600 ካርቶን እያለ ፓኪንግ ሊስቱ 580 የሚል ከሆነ፣ ክብደቱ ከተለያየ፣ ወይም የተቀባዩ ስም በንግድ ፈቃድዎ ላይ ካለው በአንድ ፊደል እንኳ ከተለየ፣ ያን ጊዜ በአንድ ኢሜይል የሚታረመው ስሕተት ዕቃው ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ የቀናት ምልልስና የማከማቻ ኪራይ ያስከትላል። ጉምሩክ ዲክላራሲዮኖችን (አስመጪው ስለ ዕቃው የሚያቀርባቸውን መግለጫዎች) እንደ ስጋታቸው በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ መስመር ስለሚለያቸው፣ ቀይ ለሚወጣበትና በአካል ለሚፈተሸው ዕቃ ትርፍ ቀን መያዝ ይገባል። ትራንዚተርዎን (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚዎን) የሚመርጡትም በክፍያው ማነስ ሳይሆን፣ ችግር ሲኖር ሳይጠየቅ ደውሎ በመናገሩ ይሁን።

ወደ ከተማው መሃል ለማስገባት የከባድ መኪና የሰዓት ገደብን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከጫኝና አውራጅ ጋርም ዋጋውን መኪናው ከመቆሙ በፊት ይስማሙ። የክረምት ዝናብ የወረቀት ጠላት ነውና ሸራው ሲገለጥ የታችኛውን ረድፍ ካርቶን በእጅዎ ይዳስሱ። ከሥሩ የራሰ ካለ ሳይፈርሙ ያስከፍቱት፣ ፎቶ ያንሡ፣ ጉዳቱንም በርክክብ ሰነዱ ላይ ያስጽፉ። በመጋዘን ውስጥ ደብተር በእንጨት ርብራብ ላይ እንጂ በወለል ላይ አይቀመጥም፤ ከግድግዳም ትንሽ ይራቅ።

ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ ለሚሞሉት ዕቃ ስሌቱ ቀላል ነው። በቀን 40 ደርዘን ይሸጣሉ፣ ዕቃው በተለምዶ በ3 ቀን፣ ሲዘገይ በ7 ቀን ይደርሳል እንበል። የ3 ቀኑ ሽያጭ 120፣ ለመዘግየቱ መጠባበቂያ የሚሆነው የ4 ቀን ሽያጭ 160 ነው፤ ስለዚህ ክምችቱ 280 ደርዘን ሲደርስ ይዘዙ። ይህ ቁጥር በሰኔ ከበቂ በላይ ሊሆን፣ በነሐሴ ደግሞ ላይበቃ ስለሚችል በየወቅቱ ይከለስ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሬ በገበያ ስለሚወሰን፣ የመሸጫ ዋጋ ሲተምኑ የገዙበትን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን መልሶ ለመተካት የሚያስፈልገውን ገንዘብም ያስቡ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የገባና የወጣ ዕቃ የሚመዘገብበት የክምችት ካርድ እውነት ከሆነ ነው። ብዙ የሚሸጡትን ጥቂት ዕቃዎች በየሳምንቱ፣ ሌላውን በየወሩ ይቁጠሩ፤ ቆጠራውና ካርዱ ካልተስማሙ የልዩነቱ ምክንያት ሳይታወቅ አዲስ ትእዛዝ አይላክ።